የበለሱ «ቅጠል» ቅጠል ነው ወይስ ግንድ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። አጥራችን በለስ ነው። ፍሬው የሚወጣበትን ጠፍጣፋ አረንጓዴ ነገር ሁላችንም «የበለስ ቅጠል» ነው የምንለው። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት መጥቶ «እሱ ግንድ ነው፤ ቅጠሉ እሾሁ ነው» አለኝ። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ደግሞስ «ቅጠሎች» ነው ወይስ «ቅጠላ ቅጠል» የሚባለው?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። እኛ ቅጠል የምንለው መልኩን አይተን ነው። አረንጓዴና ጠፍጣፋ ከሆነ በቃ፣ ቅጠል ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ግን «ከምን ተነሥቶ እዚህ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ተክል ውሃ የሚያጣው በአብዛኛው በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። በቆላ ሐሩር ሰፊ ቅጠል ዘርግቶ መቆም ኪሳራ ነው። ስለዚህ የበለስ ቅጠል ጠቦ ጠቦ እሾህ ሆነ፤ ምግብ የማዘጋጀቱን ሥራ ግንዱ ተረከበ፣ ውሃም ያጠራቅማል። ቀዳዳዎቹን እንኳ በዋናነት የሚከፍተው ሌሊት ነው፣ ሲቀዘቅዝ።

ቃሉ ራሱ የግእዙ «ቈጽል» ነው። የግእዝ «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል፤ ጸጕር ጠጉር፣ ጽሕም ጢም እንደሆነው። አዳምና ሔዋን የሰፉት «ቈጽለ በለስ» ታዲያ የእርስዎ አጥር አይደለም። የአጥሩ በለስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ቁልቋል ነው። በዚያ እሾህማ ልብስ ተሰፍቶ ጉድ ነበር!

ተቃራኒውን ለማየት ጣርማ በርን ወጥተው መንዝ ይዝለቁ። ጓሳ ሣር ነው፤ «የጓሳ ቅጠል» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ለሳይንሱ ግን ያ ቀጭን ጠንካራ ነገር ቅጠል ነው። ቀጭንነቱና ጥንካሬው ለደጋው ብርድና ነፋስ ይበጀዋል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የተፈለገውም በዚሁ ጥንካሬው ነው። ውሃ በማይቸግርበት ጓሮ ያለ ኮባ ደግሞ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል።

ግራር ላይማ መቁጠሩም ያከራክራል። እኛ እያንዳንዷን ደቃቅ ነገር ቅጠል እንላለን። ለሳይንሱ ግን በአንድ ዋና ዘንግና ከእሱ በሚወጡት ቀጫጭን ዘንጎች ላይ የተደረደሩት ሁሉ ተደምረው አንድ ቅጠል ናቸው። ልጅዎ ይህንንም ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ይዘጋጁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ «ቅጠሎች» የሚቆጠር ብዙ ነው። «ቅጠላ ቅጠል» ግን ዓይነቱ የተለያየ ነው፤ እንደ ቅመማ ቅመም፣ እንደ ፍራፍሬ። «ሦስት ቅጠሎች» ያስኬዳል፣ «ሦስት ቅጠል»ም ያስኬዳል፤ «ሦስት ቅጠላ ቅጠል» ግን አይባልም። ሐኪም «ቅጠላ ቅጠል ያብዙ» ካለዎት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ማለቱ ነው።