ጥፋቱ የተነሉ ነው ወይስ የመስመሩ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዘንድሮ በአይቲ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። በቅርቡ ኢንተርቪው ላይ ‹የቅርንጫፋችን ቪፒኤን ቀርፋፋ ነው፤ ጥፋቱ የተነሉ ይሁን የመስመሩ በምን ትለዪዋለሽ?› ተባልኩና መልስ አጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ሶፍትዌር ዙሪ ይለኛል። ያለኝ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ነው፤ ዳታም ይወደድብኛል።»

መልስ፦ እህቴ፣ በአንድ ጥያቄ ስለተያዝሽ ብቻ ከኔትወርክ አትውጪ። የተጠየቅሽው ከባዱን፣ ግን በቤትሽ ልትማሪው የምትችይውን ነገር ነው። ቅርንጫፍ ውስጥ «ሲስተም የለም» ሲባል ደንበኛው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ የድርጅቱ ባለሙያ መስመሩን፣ የመስመሩ አቅራቢ ደግሞ የድርጅቱን ራውተር ይወቅሳል። ለክቶ በቁጥር የሚለይ ሰው እዚያ መሀል በጣም ይፈለጋል።

ቪፒኤን ቅርንጫፉን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው በነባሩ መስመር ላይ በተዘረጋ መተላለፊያ፣ ማለትም በተነል ነው። እንዲህ በሌላ ኔትወርክ ላይ የሚዘረጋ ኔትወርክ ኦቨርሌይ ይባላል፤ ደብዳቤን ከነፖስታው ሌላ ፖስታ ውስጥ ከቶ እንደ መላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአርኤፍሲ 7348 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ነው) የወጣውን ቪኤክስላን የተባለ የኦቨርሌይ ዓይነት እንይ። በአይፒቪ4 ላይ በእያንዳንዱ ፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ በሚላክበት ጥቅል) ላይ 50 ባይት ይጨምራል። ስለዚህ ከሥር ያለው መስመር ኤምቲዩ (በአንዴ የሚያሳልፈው ትልቁ ፓኬት) 1500 ባይት ከሆነ ለውስጡ የሚተርፈው 1450 ነው።

ይህን በላፕቶፕሽ ላይ ሞክሪው። ሊኑክስ ላይ ሁለት ኔትወርክ ኔምስፔስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች የሚሠሩ ክፍሎች) ፍጠሪ፣ በቪኢዝ፣ ማለትም በምናባዊ ገመድ፣ አገናኚያቸው፣ በላዩ ቪኤክስላን ዘርጊ። አይፐርፍ3ን (የፍጥነት መለኪያ) እና ቲሲፒዳምፕን (የሚያልፉትን ፓኬቶች ማሳያ) አንዴ ካወረድሽ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም። ከዚያ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አዘሽ ፒንግ አድርጊ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው። በሥረኛው መስመር 1472 ባይት ያልፋል፣ 1473 አያልፍም፤ በቪኤክስላኑ ላይ ወሰኑ 1422 ነው። እስከ 1500 እና እስከ 1450 የቀረው 28 ባይት የአይፒና የአይሲኤምፒ (ፒንግ የሚጠቀምበት ፕሮቶኮል) ሄደር፣ ማለትም በፓኬቱ ፊት የሚለጠፍ የመላኪያ መረጃ፣ ነው። ይህ ስሌት የተሳተበት ቦታ ምልክቱ አሳሳች ነው፤ ትንሹ ፒንግ ይሠራል፣ ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያው) ይገባል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ድርቅ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «መስመሩ ደካማ ነው» ብሎ ይተወዋል። መፍትሔው የውስጡን ኤምቲዩ ዝቅ ማድረግ ወይም የሥሩን ቢያንስ ወደ 1550 ማሳደግ ነው።

ቀጥሎ በቲሲ ኔትኤም (ሊኑክስ ላይ መስመርን ሆን ብሎ ማዘግያ መሣሪያ) የሥረኛው መስመር አንድ ጫፍ ላይ 40 ሚሊሰከንድ መዘግየት ጨምሪ። ፒንጉ በሥሩም በላዩም እኩል ከጨመረ መዘግየቱ የመስመሩ ነው። ለኢንተርቪውሽ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ጫፎች በተነሉ ውስጥም ከተነሉ ውጭም፣ በተቀራራቢ ሰዓት መለካትና ልዩነቱን ማየት። የቪኤክስላኑ 50 ባይት በትልልቅ ፓኬቶች ላይ የሚወስደው 3 በመቶ ገደማ ነው። በአይፐርፍ3 በተነሉና ከተነሉ ውጭ የምታገኚው የፍጥነት ልዩነት ከዚያ በብዙ ከበለጠ ኤምቲዩውን እዪ፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን፤ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው አንዱ ኮር (ከፕሮሰሰሩ ክፍሎች አንዱ) ብቻ መቶ በመቶ ሲጨናነቅ ልታገኚው ትችያለሽ። አማካይ ብቻ አትጻፊ፤ ሚዲያኑንና (የመሀለኛውን ውጤት) 99ኛውን ፐርሰንታይልም (ከመቶ ልኬቶች 99ኙ የማያልፉትን) ጨምሪ፣ ተጠቃሚው የሚማረረው በዚያ ጥግ ላይ ነውና።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ኔምስፔስ ውስጥ ብዙ ጊጋቢት ቢወጣልሽ የለካሽው የላፕቶፕሽን ፕሮሰሰር ነው፤ ሲቪሽ ላይ እንደ መስመር ፍጥነት እንዳትጽፊው። መጀመሪያ ኦፍሎዱን (ሲስተሙ ፓኬቶችን አጣምሮ በትልቁ የሚያስተናግድበትን ዘዴ) ኢቲኤችቱል በተባለው ትእዛዝ አጥፊ፣ ከዚያ ፍጥነቱን 20 ሜጋቢት ላይ ገድቢው። ካላጠፋሽው ቲሲፒዳምፕ ከ1500 የሚበልጡ ፓኬቶች ያሳይሽና ግራ ይገባሻል።

ፓይተን ተማሪ፣ ግን ውጤትሽን በግራፍ ለማውጣት። ከዚያ ምን እንደለካሽ፣ በምን እንደለካሽና ምን እንዳገኘሽ አንድ ገጽ ጻፊና ለኔትወርክ አድሚንም ሆነ ለኢንተርንሺፕ ስታመለክቺ አያይዢው። ከማያያዝሽ በፊት ብትልኪልኝ አነበዋለሁ።