ባጅሽን ሲነጥቁሽ ለማን አቤት ትያለሽ?

እህቴ፣ ስለ አንድ ክለብ የተጫዋቾች ደመወዝ ከዘገብሽ በኋላ የጋዜጠኛ መግቢያ ባጅሽን ነጥቀው ስታዲየም እንዳትገቢ ከለከሉሽ፤ «የዓለም አቀፉን የስፖርት ጋዜጠኞች ማኅበር ካርድ ባወጣ ይጠብቀኛል? ለማንስ ልጩህ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሃያ ዓመት ገደማ በሙያው ላይ ስለቆየሁ፣ እኔም ስለደረሰብኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ።

ካርዱን አውጪው፤ ጋሻ ይሆነኛል ብለሽ ግን አትመኪበት። ማኅበሩ፣ አይፕስ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ ተመሥርቶ ዛሬ መቀመጫውን ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ያደረገ ነው። ካርዱ በአብዛኛው የሚገኘው በየአገሩ ማኅበር በኩል ነው፤ ውጭ ስትሄጂ ማን እንደሆንሽ ያሳውቅልሻል። ባጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለኦሎምፒክ እንኳ የአብዛኛውን ጋዜጠኛ ኮታ የሚያከፋፍለው የየአገሩ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ነው። እስቲ አስቢው፤ የመግቢያሽ ቁልፍ ያለው አንቺ ልትተቺው በሚገባሽ ሰው ኪስ ውስጥ ነው!

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። ብሪታኒያዊው ጋዜጠኛ አንድሩ ጄኒንግስ የፊፋን ጉድ ሲቆፍር እ.ኤ.አ. በ2003 ከመግለጫዎቹ ታገደ። ያለ ባጅ ሰነድ ማሰባሰቡን ቀጠለ፤ ያገኘውን ለአሜሪካ መርማሪዎችም ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 የእግር ኳስ ባለሥልጣናት በሙስና ተጠርጥረው ዙሪክ ውስጥ ካረፉበት ሆቴል ሲያዙ እኛ እንደ አዲስ ነገር ሰማነው እንጂ እሱ ዓመታት ጮሆበታል። የዴንማርኩ ፕሌይ ዘ ጌም ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች መድረክ የሚሰጥ ድርጅት ነው፤ ጠበቃ ባይቀጥርልሽም ጉዳይሽን ከነስሩ የሚረዱ ሰዎች ታገኚበታለሽ።

ነገሩ ከባጅ አልፎ ዛቻና እስር ከሆነ ግን የስፖርት ማኅበር ስትጠብቂ ጊዜ አታባክኚ። ለጋዜጠኞች መብት ለሚሟገቱት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ለሲፒጄ ወይም ለድንበር የለሽ ሪፖርተሮች፣ ቀጥታ ጻፊ። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ክሪስቶፍ ግሌዝ የእግር ኳስ ዘገባ ሊሠራ አልጄሪያ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2025 ሰባት ዓመት ሲፈረድበት ዘመቻውን ይዞ የወጣው ድንበር የለሽ ነው። ጋናዊው ጋዜጠኛ አህመድ ሁሴን ሱአሌ በእግር ኳስ ሙስና ምርመራ ተሳትፎ ነበር፤ አንድ የፓርላማ አባል ፎቶውን በቴሌቪዥን አሳየበት፣ ከወራት በኋላ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. አክራ ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። ፎቶሽንና የቤትሽን አድራሻ የሚያሰራጭ ሰው ካለ ቀልድ ነው ብለሽ አትለፊው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ የሙያ ጓደኞቼ ባይወዱትም። ከዓመታት በፊት ስለ ታዳጊዎች ውድድር የዕድሜ ማጭበርበር ጻፍኩ። አንዱ «የ17 ዓመት» ተከላካይ ጠዋት ተላጭቶ ለከሰዓቱ ጨዋታ ጺሙ ያገጠጠ ነበር። የውድድሩ አዘጋጅ ድርጅት (ስሙን ልተወው) ባጄን ያዘብኝ። ተናድጄ፣ ክርክሬን ቋጥሬ ቢሮው ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነቱ አንድም ቃል አልተከራከረኝም። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ፦ ባለፈው ዓመት ከቡድን ጋር ስጓዝ ከነዚያው አዘጋጆች የወሰድኩት የአምስት ቀን ውሎ አበል፣ ከነፊርማዬ። «ይቺን ስትፈርም ጋዜጠኛ አልነበርክም እንዴ?» አለኝ። ያዘዘልኝን ሻይ ሳልጨርስ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤቴ አበል ስለማይበቃ ሁላችንም እንወስድ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ያን ቀን ለየትኛው ድርጅት ምን ብዬ ልጽፍ ኖሯል?

ስለዚህ መጀመሪያ ከክለቡ የወሰድሽው አበል፣ ትኬት፣ ማልያም ቢሆን ካለ ሌላ ሰው ሳያወጣው ለአለቃሽ ንገሪው። ከዚያ የከለከሉሽን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢ ካሉ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እገሌ እንዲህ አለኝ ብለሽ ራስሽ ጻፊና እነሱው መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም ሳታስመቺ እንዳትወጪ። ውጭ ላሉትም ሆነ እዚህ ላለው ማኅበር ስትጽፊ የምታያይዥው እሱን ነው፤ በስልክ የተነገረሽ «አትምጪ» ማስረጃ አይሆንም።

እኔ ባጄን ያገኘሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ትኬት እየቆረጥኩ ካታንጋ፣ ርካሹ የተመልካች ቦታ፣ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። የዚያን ተከላካይ የሰፈር ልጅ ያገኘሁትም እዚያው ነው፤ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ፣ አብረው ስምንተኛ ክፍል የተፈተኑበትን ዓመት ሳልጠይቀው ነገረኝ።