ጥያቄና መልስ፦ የራውተሩ በር፣ የስልኩ ሰዓትና የሂሳቡ ባክአፕ

ጥያቄ፦ የምሠራው ባሕር ዳር በሚገኝ ሆቴል ነው። ኢንተርኔት የምናከፋፍለው በማይክሮቲክ ራውተር ነው። እንግዳ በሌለበት ሌሊት እንኳ መስመሩ ተይዞ ያድራል። ሶፍትዌሩን ወደ አዲስ ስሪት ባሳድገውም ትንሽ ሰንብቶ ያው ሆነ። ራውተሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ ተጠልፎ?

መልስ፦ አኳኋኑ የተጠለፈ ራውተር ይመስላል። ስሪት ማሳደግ ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ማይክሮቲክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በ6.42.1 እና በ6.40.8 ስሪቶች የዘጋው ቀዳዳ፣ ዊንቦክስ በተባለው የራውተሩ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ፖርት (የግንኙነት በር) ማለትም በ8291 በኩል የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል ለማንም ያሳይ ነበር። ብዙ ሰው ስሪቱን አሳድጎ የይለፍ ቃሉን እንደነበረ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሜሪስ የተባለው የጥቃት መረብ በተጋለጠ ጊዜ ኩባንያው እንዳስታወቀው፣ መረቡ የተጠቀመባቸው ራውተሮች እነዚያው በ2018 የተጠለፉት ነበሩ። ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ቁልፉ ግን በሌባው እጅ ቀርቷል።

በዊንቦክስ ይግቡና መጀመሪያ «ሲስተም» ሥር ያሉትን «ስኬጁለር» እና «ስክሪፕትስ» ይክፈቱ። እርስዎ ያልጻፉት፣ በተለይ «ፌች» (ከኢንተርኔት ፋይል አውርድ) የሚል ትእዛዝ ያለበት መስመር ካለ ራውተሩ በየጊዜው ከውጭ መመሪያ እያወረደ ነው ማለት ነው። ደህና ከሆነ በኋላ ችግሩ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ «አይፒ» ሥር «ሶክስ»፣ ማለትም የሌላ ሰው ግንኙነት በራውተርዎ በኩል እንዲያልፍ የሚያደርገው አገልግሎት፣ በርቶ እንደሆነ ይዩ፤ ሆቴል ውስጥ ለዚህ አገልግሎት የሚሆን ሥራ የለም። በ«ፒፒፒ» ሥር የማያውቁት የኤል2ቲፒ ግንኙነት (ራውተሩን ከሌላ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ስውር መስመር)፣ በፋየርዎሉ ውስጥ ደግሞ ፖርት 5678ን ከውጭ የሚያስገባ ሕግ ካለ ነገሩ ለየለት። የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ በሚተረጉመው «ዲኤንኤስ» ላይ የርቀት ጥያቄ መቀበል ተፈቅዶ ከውጭ በፋየርዎል ካልተዘጋ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠልፍዎት ራውተርዎ ሌሎችን ለማጥቂያ ይውላል።

አንዱን ምልክት ካገኙ እየለቀሙ ለማጽዳት አይድከሙ። ኔትኢንስቶል በተባለው የማይክሮቲክ ፕሮግራም የራውተሩን ሶፍትዌር ከኮምፒውተር ከሥሩ እንደ አዲስ ይጫኑት። የኮምፒውተሩን አድራሻ 192.168.88.2 ያድርጉ፣ ኬብሉን በአብዛኞቹ ሞዴሎች እንደሚደረገው ራውተሩ 1ኛ ፖርት ላይ ይሰኩ፣ የሪሴት ቁልፉን ተጭነው እንደያዙ ኃይል ይስጡትና ስሙ በኔትኢንስቶል መስኮት እስኪመጣ አይልቀቁ። ስሙ አልመጣ ካለ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ወይም ያልጠፋው ዋይፋይ ነው። የድሮውን የባክአፕ ፋይል መልሰው አይጫኑ፤ የጠላፊውን ተጠቃሚና መርሐ ግብር አብሮ ይመልሰዋል። ቅንብሩን ቀድመው በጽሑፍ መልክ ኤክስፖርት ያድርጉ፣ መስመር በመስመር ያንብቡ፣ የሚያውቁትን ብቻ ያስገቡ።

ከዚያ አዲስ የአስተዳዳሪ ስም ይፍጠሩና «አድሚን» የሚለውን ይሰርዙ። «አይፒ» ሥር «ሰርቪስስ» ውስጥ ቴልኔት፣ ኤፍቲፒ፣ ድርና ኤፒአይ ይጥፉ፤ ዊንቦክስ ብቻ እንደበራ ይቆይ፣ እሱም ከቢሮው አድራሻ ብቻ እንዲገባ ይገደብ። ሆቴል ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ የውጭውን በር ብቻ ዘግተው ውስጡን ያምናሉ። በሆቴል ግን ውስጥ ያለውም እንግዳ ነው። የእንግዳው ዋይፋይ በተለየ ቪላን (በዚያው መሣሪያ ላይ ተነጥሎ በሚሠራ ኔትወርክ) ይሁንና ከእዚያ ወደ ራውተሩ ዲኤንኤስና ዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ብቻ ይፈቀድ። የፋየርዎል ሕጎች ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡ «ሁሉንም ጣል» የሚለው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ቀድሞ ከገባ ራስዎን ቆልፈው ያስወጣሉ። ለዚህ ነው «ሴፍ ሞድ» ያለው፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ያደረጉትን ለውጥ ራሱ ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሎጉ፣ ማለትም ራውተሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ፣ በተለመደው ቅንብር የሚቀመጠው በጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሰረዛል። ሎግ በኔትወርክ በሚልከው በሲስሎግ፣ በፖርት 514፣ ወደ አንድ ኮምፒውተር እንዲላክ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ አዳማ ያለውን የቢሮ ሰርቨር ከቤት በሪሞት ዴስክቶፕ እገባበታለሁ። ለደኅንነት ብዬ ፖርቱን ከ3389 ወደ 50389 ቀይሬዋለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ክፍት በር ፍለጋ ኢንተርኔቱን የሚያስሱት ፈታሾች ሁሉንም ፖርት ነው የሚነኩት፤ ቁጥሩ ቢቀየርም ሪሞት ዴስክቶፕ መሆኑን ከመልሱ ያውቁታል። ካላመኑ የሰርቨሩን የሴኩሪቲ ሎግ ከፍተው 4625 የሚለውን ቁጥር ያጣሩ። በማያውቋቸው ስሞች የከሸፉ ሙከራዎች ተደርድረው ያገኛሉ። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን 4624 ነው፤ እሱ የተሳካ መግባት ነው፣ ከየት አድራሻ እንደሆነም ይጽፋል።

ፖርቱን ከራውተሩ ላይ ያንሱና ዋየርጋርድ (ከውጭ ወደ ቢሮው የተመሰጠረ መስመር የሚሠራ ቪፒኤን) ይትከሉ። በዩዲፒ 51820 ይሠራል፣ ቁልፍ ለሌለው ምንም መልስ ስለማይሰጥ ፈታሹ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቁልፍ ይሰጠው፤ ሠራተኛ ሲለቅ የእሱ ብቻ ይሰረዛል። ዋየርጋርዱ አልያያዝ ካለ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ይመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አድራሻው የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከአገልግሎት ሰጪው ቋሚ የሕዝብ አይፒ መጠየቅ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ በአንድ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ለሁሉም ሠራተኛ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አስገባን። አንዳንዶቹ ከስልካቸው መተግበሪያ የሚያገኙት ባለ 6 አሃዝ ኮድ «የተሳሳተ ነው» ይባላል። ሰርዤ እንደገና ብመዘግባቸውም ያው ነው።

መልስ፦ የስልካቸውን ሰዓት ይዩት። እርስዎ ሰዓትዎ 4 ሲል የእነሱ ስልክ 10 ወይም የእርስዎ 10 ሲል የእነሱ 4 ከሆነ መልሱን አገኙት፤ ስልኩን በእጅ በኛ አቆጣጠር ሞልተውታል። ኮዱ የሚሰላው እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት ካለፈው ሰከንድ ሲሆን በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። 6 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ስልክ 720 ኮድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰርዞ መመዝገብ ምንም አይፈይድም።

ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲሞላ ያድርጉ፤ የኛን ሰዓት የለመደ ሰው የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ይጫንለት። እሱንም እምቢ ላለ ዘዴ አለ፦ ሰዓቱን ሳይሆን የሰዓት ቀጠናውን የቦነስ አይረስ ያድርጉለት። ከኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነውና መስታወቱ ላይ የሚታየው የኛ አቆጣጠር ይሆናል፣ የውስጡ ሰዓት ግን ትክክለኛ ነው፤ ኮዱም ይሠራል። ቀኑም እንደ ባህላችን ጎሕ ሲቀድ ይቀየርለታል። የስብሰባ ማስታወሻ በዚያው ሰዓት እንደሚታየው ብቻ ይንገሩት።

በኮምፒውተር ላይ ያው ችግር ሌላ መልክ ይይዛል። ዶሜይን ውስጥ ያለ (መግቢያው በቢሮው ሰርቨር የሚረጋገጥ) ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለየ መግቢያው ይከለከላል፤ ድረ ገጾችም የምስክር ወረቀት ስህተት ያወጣሉ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ኮምፒውተር ካለ የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ አልቋል። ሎግ ሲያነቡም ይጠንቀቁ። በዓለም አቀፉ ሰዓት 23:40 የተጻፈ ድርጊት በአዲስ አበባ 02:40፣ በኛ አነጋገር ከሌሊቱ 8:40 ነው። ዘበኛውን «ማታ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ማን ገባ» ብሎ መጠየቅ የተሳሳተ ሰው ያስጠረጥራል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ 40 ሠራተኛ ያለው ቢሮ። የኛ ኔትወርክ 10.10.0 ነው። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ግማሹ ኮምፒውተር በ192.168.1 አድራሻ ይነሳና ሰርቨሩን አያገኝም። ሪስታርት ሲደረግ አንዳንዱ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ አይስተካከልም።

መልስ፦ አንድ ሰው ከቤቱ የዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ሰክቷል። ኬብሉን በላን ፖርት ስለሰካው ራውተሩ ለመላው ቢሮ አድራሻ ማደል ጀምሯል። ኮምፒውተሮች ጠዋት ሲነሱ አድራሻ ለሁሉም ጮኸው ይጠይቃሉ፣ ቀድሞ የመለሰውን ይይዛሉ፤ ግማሽ በግማሽ የሆነውም ለዚህ ነው።

በተጎዳው ኮምፒውተር ላይ የ«አይፒኮንፊግ» ትእዛዝን ሙሉ ዝርዝር ያውጡ። «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚለው መስመር የእንግዳውን አድራሻ ይነግርዎታል። አይፒን ከመሣሪያ ጋር በሚያዛምደው የኤአርፒ ሰንጠረዥ ማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ይያዙ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ፊደላትና ቁጥሮች አምራቹን ይጠቁማሉ፤ ከዚያ ስዊቹ ላይ ያ ማክ በየትኛው ፖርት እንደሚታይ ይፈልጉ። ስዊቹ ተራ ከሆነ አድራሻውን ያለማቋረጥ ፒንግ እያደረጉ ኬብል አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ መልሱ ሲቆም ደርሰዋል።

ሰውየውን አይቆጡት፤ ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጠው። ራውተሩ የራሱ ዲኤችሲፒ ጠፍቶ፣ ከ10.10.0 ውስጥ ባዶ አድራሻ ተሰጥቶት እንደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ እየሰጠ፣ ሊሠራ ይችላል። ለወደፊቱ በስዊቹ ላይ ካልተፈቀደ ፖርት የሚመጣ የአድራሻ እደላን የሚያግደውን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ያብሩ፤ ወደ እውነተኛው ሰርቨር የሚሄደውን ፖርት «ታማኝ» ማለት ግን አይርሱ። ከረሱት ቢሮው ሁሉ አድራሻ አጥቶ፣ ኮምፒውተሮች ለራሳቸው በሚሰጡት በ169.254 ይነሳል።

ጥያቄ፦ የሂሳብ ሶፍትዌራችንን የፒችትሪን ዳታ በየቀኑ ሰርቨሩ ላይ ወደ ተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እንገለብጣለን። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢመጣ ይጠቅመናል?

መልስ፦ እንደተሰካ ከተዉት አይጠቅምም። ቫይረሱ የሚያየውን ድራይቭ ሁሉ ይቆልፋል፣ ዲስኩ ደግሞ ለእሱ ሌላ ፊደል ያለው ድራይቭ ነው። ሁለት ዲስክ ይግዙና ያፈራርቁ፤ አንዱ ሲሰካ ሌላው ከሕንጻው ውጭ ይደር፣ ሥራው ካለቀ በኋላም የተሰካው ይነቀል።

አገለባበጡም ያሳስባል። ሰዎች ፒችትሪን ከፍተው እየሠሩ ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ ግማሽ የተጻፈ ዳታቤዝ ይሰጥዎታል፣ ችግሩም የሚታወቀው ለመመለስ ሲሞከር ነው። ሁሉም ይውጡ፣ ከዚያ በራሱ በፒችትሪ የ«ፋይል» ዝርዝር ውስጥ ባለው «ባክአፕ» ይሠራ፤ በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ያወጣል። ስሙ ላይ ቀኑን ይጻፉበት፣ የትናንቱን በዛሬው አይደምስሱ።

በወር አንድ ጊዜ አንዱን ፋይል መልሰው ይክፈቱና የመጨረሻውን የባንክ ማስታረቂያ ከሂሳብ ክፍሉ ወረቀት ጋር ያመሳክሩ። ሲመልሱ «ነባር ድርጅት» ሳይሆን «አዲስ ድርጅት» የሚለውን ይምረጡ፤ አለዚያ ሙከራው የዛሬውን ሂሳብ በባለፈው ወር ሂሳብ ይተካዋል።