መልስ፦ ችግሩ አንተ ጋ አይደለም
ወንድሜ፣ «ዳርክ ሶልስ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ከባዱን የብረት ልብስ ከለበስኩ ወዲህ ገጸ ባህሪዬ ከጠላት ምት ለማምለጥ በቅጡ አይንከባለልም፣ ሁሌ እሞታለሁ፣ እኔ ነኝ የማልችለው?» ላልከው፦ አይደለህም። በ2011 በወጣው በመጀመሪያው ክፍል፣ የለበስከውና በእጅህ የያዝከው ዕቃ ክብደት ገጸ ባህሪህ መሸከም ከሚችለው 25 በመቶ ካለፈ መንከባለሉ ይዘገያል። ከ50 በመቶ ካለፈ ደግሞ እንደ ጆንያ ዘጭ ነው የሚለው፤ እስኪነሳ ጠላት ይደርስበታል። ሜኑው የሚያሳይህ ግን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ 46 በ80 ዓይነት። አካፍለህ ግማሹን ማለፍህን ማወቅ ያንተ ሥራ ነው፣ ወሰኑ የት እንደሆነ ደግሞ ማንም አልነገረህም።

ቦርሳህ ውስጥ ያለው አይቆጠርም። ስለዚህ የራስ ቁሩን ወይም ሁለተኛውን መሣሪያ አውልቀህ ከግማሽ በታች አድርገውና እዚያው ቆመህ ተንከባለል፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል።

ማይንክራፍት የሚባለው ጨዋታም እንደዚሁ ሕጉን ይደብቅ ነበር። ሦስት ጣውላና ሁለት ዱላ እንዴት ተደርድረው ዶማ እንደሚሆኑ የሚያሳየው መጽሐፍ የኮምፒውተሩ ዕትም ውስጥ የገባው በ2017 ነው። ጨዋታ ይክበድ፣ ደስ ይለኛል። ሕጉን መደበቅ ግን ክብደት አይደለም፤ ተጫዋቹን ያለ ጥፋቱ ራሱን እንዲወቅስ ያደርገዋል፣ አንተ አሁን እንዳደረግከው።