ከመፈረምሽ በፊት ስለ ካቢኑ አየር ጠይቂ

ውድ እህቴ፣

ለበረራ አስተናጋጅነት ሥልጠና ማለፍሽን፣ ግን «የአውሮፕላን አየር ሠራተኛውን ይመርዛል» ሲባል ሰምተሽ ለመፈረም ማመንታትሽን ጽፈሽልኛል። በልጅነትሽ አስም ይነሣብሽ እንደነበርም ነግረሽኛል።

ስጋትሽ መሠረት አለው። በአብዛኞቹ የጄት አውሮፕላኖች ወደ ካቢን የሚገባው የውጭ አየር ከሞተሩ ነው የሚቀዳው፤ ነዳጅ ከሚነድበት ክፍል ሳይደርስ፣ ተጨምቆ ሳለ። ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ማሸጊያ ሲበላሽ የጋለ የሞተር ዘይት ትነት አብሮ ሊገባ ይችላል። በዘይቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ትራይክሬሲል ፎስፌት ያሉ ነርቭን ሊጎዱ የሚችሉ ኬሚካሎች አሉ። ቦይንግ 787 አየሩን በኤሌክትሪክ መጭመቂያ በቀጥታ ከውጭ ስለሚወስድ ከዚህ ይለያል።

የሚያከራክረው የረጅም ጊዜ ጉዳቱ ነው። ከተበከለ የካቢን አየር ይመጣል የሚባለው የሕመም ስብስብ፣ «ኤሮቶክሲክ ሲንድረም»፣ ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ በሕክምናው ዓለም ገና ተቀባይነት አላገኘም። የታመሙት ግን ታመዋል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 በረራ ላይ ጭስ የተነፈሰች አስተናጋጅ ለሳንባዋ ጉዳት የተፈረደላት ካሳ የጸናው በ2010 ነው። ይህን ያህል ዓመት መሟገት ምን ያህል እንደሚያደክም አስቢው።

እኔ ሥራውን ተዪው አልልሽም። በየበረራው የሚያጋጥም ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ አዲስ ሠራተኛ የዘይት ትነት ምልክት ሊሆን የሚችል፣ የቆሸሸ ካልሲ የመሰለ ጠረን ሲሸተው «ጨቅጫቃ እባላለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ አፍንጫም ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ራስ ምታቱን ብቻ ነው። አንቺ እንዲህ እንዳታደርጊ አደራ። ወዲያው ለካቢን ኃላፊዋና ለአብራሪዎቹ ተናገሪ፤ ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጥ ጭንብል ያላቸው እነሱ ናቸው፣ አውሮፕላኑን የሚያሳርፉትም እነሱ ናቸው። ከተሳፋሪው ራስ በላይ የሚወርደው ጭንብል የካቢኑን አየር ስለሚቀላቅል ከትነት አያድንም።

ካረፋችሁ በኋላ ሰዓቱን፣ ጠረኑን፣ በመነሣት ላይ ወይም በማረፍ ላይ እንደነበር፣ የተሰማሽን ሕመም፣ ሌላ ማን እንደሸተተው ጽፈሽ አስረክቢ፤ ቅጂውን ለራስሽ አስቀሪ። ካመመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከጋለ ዘይት ሊወጣ የሚችለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚወጣ በማግስቱ ቢመረመሩ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ቀጣሪሽን ይህን ጠይቂ፦ ሠራተኛ ጠረን ሲያሳውቅ ሪፖርቱን ማን ይቀበላል፣ ቅጂስ ይሰጣል? የምርመራውን ወጪ ማን ይችላል? ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) እ.ኤ.አ. በ2015 ስለዚህ ጉዳይ ያወጣው የሥልጠና መመሪያ በትምህርቱ ውስጥ ገብቷል? «አየሩ በማጣሪያ ያልፋል» ብቻ ካሉሽ አትርኪ፤ የተለመደው ማጣሪያ አቧራና ጀርም እንጂ ትነት አይዝም። ጥያቄውን ከቁም ነገር የማይቆጥር ድርጅት ከሆነ ግን ሌላ ቀጣሪ ብትጠብቂ እመርጣለሁ።

አስሙን በሕክምና ፎርሙ ላይ አትደብቂ። ከመፈረምሽ በፊት የአቪዬሽን ሐኪም ሳንባሽን ይመርምርልሽ፤ ውጤቱም በእጅሽ ይኑር፣ በኋላ የሚመጣ ለውጥ የሚመዘነው በዚያ ነውና።