የኤሌክትሪክ ኃይል ዘርፍ ልምረጥ ወይስ ኮምፒውተር? ለአንዲት የደብረ ሲና ልጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ በቅርቡ የትኩረት ዘርፍ እንመርጣለን። ልቤ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ያደላል፤ ጓደኞቼ ግን ሁሉም ወደ ኮምፒውተር እየሄዱ ነው። አባቴም «መብራት ኃይል ገብተሽ በትንሽ ደመወዝ ምሰሶ ስትቆጥሪ ልትኖሪ ነው?» ይለኛል። መንግሥት የኤሌክትሪክ መስመሮችን አዘምናለሁ፣ አጠናክራለሁ እያለ የያዘው ፕሮግራም ለእኔ ቢጤ እውነተኛ ሥራ አለው?

ምላሽ፦ እኅቴ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልን ምረጪ። በተለይ ደግሞ ብዙ ተማሪ የማይመኘውን የሥርጭቱን ክፍል፣ ማለትም ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቆጣሪ ያለውን ሥራ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

አገራችን ለብዙ ዓመታት ገንዘቧንም ጉልበቷንም በአመዛኙ ያፈሰሰችው ኃይል በማመንጨት ላይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ይመጣል፤ ከዚያ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ እየወረደ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት ከተማ ይገባል፣ በመጨረሻም ሰፈር ውስጥ በተተከለው ትራንስፎርመር በኩል 220 ቮልት ሆኖ ቤት ይደርሳል። ደብረ ሲና ማታ መብራት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ግድቡ ኃይል አጥሮት አይደለም። የተበላሸው የዚህ ረጅም መንገድ መጨረሻ ነው።

ነገሩን ከቅርብ እንየው። የበዓል ዋዜማ ነው እንበል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። 100 ኪሎ ቮልት አምፒር የሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር ሠላሳ ገደማ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሰካበት አቅሙ ሞላ ማለት ነው፤ አምፖሉ፣ ማቀዝቀዣውና ወፍጮው ገና አልተቆጠሩም። በዚያ ላይ ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሦስት የኃይል ሽቦዎች ናቸው፤ አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ደግሞ የሚቀጠለው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ቤቶቹ በየጊዜው ለሠራተኛው በቀረበው ሽቦ ላይ ሲቀጠሉ ኖረው ከሆነ አንዱ ሽቦ ተጨናንቆ ሌላው ባዶውን ይውላል። የተጨናነቀው ሽቦ ፊውዙን ያቃጥላል። «የእኛ ጠፍቶ የጎረቤት የሚበራው ለምንድን ነው?» እያልን የምንማረረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሁልጊዜ አዲስ ትራንስፎርመር መግዛት አይደለም፤ የተወሰኑ ቤቶችን ወደ ላላው ሽቦ ማዛወር ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለዚያ ግን የትኛው ቤት ከየትኛው ሽቦ እንደተቀጠለ መዝግቦ የያዘ፣ ጭነቱን የለካና ያሰላ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሥርጭት ስልሽ ይህን ማለቴ ነው።

የተወለድሽበት አካባቢ ደግሞ ለዚህ ሙያ የተለየ ትምህርት ቤት ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ በመደበኛነት የሚሠራው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ታስቦ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል ኃይሉም ዕቃን የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ለደጋው የሚገዛ ብሬከርም (ብልሽት ሲኖር መስመሩን የሚያቋርጠው ዕቃ) ሆነ ኢንሱሌተር (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ዕቃ) ከፍታው ተሰልቶ መታዘዝ አለበት። የጣርማ በር ጉምና ንፋስ፣ የክረምቱ መብረቅ ሲጨመርበት ስሌቱ ይከብዳል። ከዚያ ቁልቁል ወርደሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ደግሞ ሌላው ፈተና፣ ሙቀቱ ይጠብቅሻል። በአንድ ዞን ውስጥ ይህን ሁሉ የምታይ መሐንዲስ የምታውቀው ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

ወደ መንግሥት ፕሮግራሙ ልምጣ። ወሬ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው መብራት ኃይል ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱንና ማስተላለፉን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሥርጭቱንና ሽያጩን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያዙት። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ሲከለስ 65 ከመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው ደግሞ ከዋናው መስመር ውጭ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰሉት እንዲያገኝ ታቀደ። የዓለም ባንክ በ2010 ዓ.ም. 375 ሚሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 500 ሚሊዮን ዶላር ለዚሁ ዘርፍ አጽድቋል፤ የኋለኛው የከተሞችን መስመር ማጠናከርንም ይጨምራል። ሁሉም ዜጋ በ2017 ዓ.ም. ገደማ መብራት ያገኛል የተባለው ግን አልተሳካም። እኔ ይህን ፕሮግራም በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። መዘግየቱ ደግሞ ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም የገንዘብ እጥረት እንዳለ ሆኖ፣ ገንዘቡ ሲገኝ መሬት ላይ የሚያውለው የሰለጠነ ሰውም ያንሳል። አንቺ የምትገቢው በዚህ ክፍተት ነው።

ማዘመን ሲባል ምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ከማከፋፈያ ጣቢያ ተነሥቶ ገጠር ድረስ የሚዘልቅ ረጅም መስመር ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቢነካው፣ ጣቢያው ያለው ብሬከር መስመሩን በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል። ሠራተኞች ብልሽቱን ፍለጋ በእግር ገደል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። መሐል ላይ ካቋረጠ በኋላ መስመሩን በራሱ መልሶ የሚያገናኝ ብሬከር ቢኖር ግን፣ በአየር ላይ መስመር አብዛኛው ብልሽት ጊዜያዊ ስለሆነ፣ መብራቱ በሰከንዶች ውስጥ ይመለሳል፤ ብልሽቱ ጸንቶ ቢቆይ እንኳ የሚጠፋው ከዚያ ወዲያ ያለው ብቻ ነው። ይህን ዕቃ የት መትከል እንዳለበት የሚወስነው ስሌት ነው። ስሌቱን ደግሞ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ስለዚህ ጓደኞችሽ የሚማሩትን አትናቂ፤ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አጥኚ፣ ኦፕን ዲኤስኤስ የተባለውን የሥርጭት መስመር ማስመሰያም በነጻ አውርጂና ተለማመጂበት።

የአባትሽን ሥጋት አላቃልለውም። የመንግሥት ደመወዝ ከባንክ ወይም ከሶፍትዌር ድርጅት ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። ነገር ግን የሚቀጥርሽ መንግሥት ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎች ያሏት ከተማ ናት፤ አንድ ትልቅ ሞተር ሲነሣ ቮልቴጅ ለምን እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው እዚያ ይፈለጋል። መስመር የሚዘረጉ ሥራ ተቋራጮች አሉ፣ አማካሪ ድርጅቶች አሉ፣ የፀሐይ ኃይል የሚተክሉም አሉ። አባትሽን አስቀምጠሽ ይህን ንገሪያቸው። «ምሰሶ ላይ የሚወጣ ወንድ ነው» የሚል ካለ ደግሞ መልስ ለመስጠት ጊዜ አታጥፊ፤ የጭነት ጥናትም ሆነ የመከላከያ ሪሌይ (ብልሽት ሲያይ ብሬከሩን የሚያዘው መሣሪያ) ማስተካከል ጾታ አይመርጥም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ። በደብረ ሲና ቤተሰቦችሽ ያሉበት ሰፈርና በደብረ ብርሃን የምትኖሪበት ሰፈር መብራት መቼ እንደጠፋ፣ መቼ እንደመጣ፣ ዝናብ ወይም ንፋስ እንደነበረ መዝግቢ። አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት መብራት እንደሚያጣ ማስላት በዓለም ሁሉ የመስመር አስተማማኝነት የሚለካበት መንገድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚሁ ላይ ብታደርጊው፣ መምህርሽ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ጠይቀሽ የከተማውን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል የአንድ መስመር መዝገብ ጠይቂ። ጭነት መለካት ያለባቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ ቁጥሩን ጻፊ እንጂ ትራንስፎርመር አትንኪ። መንገዱ ሁልጊዜ እንደማይመች አውቃለሁና ከተማው ውስጥ ባለ አጭር መስመር ጀምሪ።

ጥናቱ ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ለአገልግሎት ማዕከሉ ስጪ፤ የትኛው ሽቦ እንደተጨናነቀ የሚያሳይ አንድ ገጽ ለእነርሱ ከረጅም ሪፖርት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ከተመረቅሽ በኋላም የኤሌክትሪክ ባለሙያነት የብቃት ማረጋገጫ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለማውጣት አትዘግዪ፤ በተቋራጭነት ለመሥራት ካሰብሽ አስቀድሞ የሚጠየቅ ወረቀት እርሱ ነው።