ስለ «ሂር ካምስ ዘ ሰን» የባሕር ዳር ልጆች ጥያቄና የእኔ መልስ

ጊታርና ክራር የምትጫወቱ ልጆች ስለዚህ የእንግሊዞቹ ባንድ የቢትልሶቹ ዘፈን ብዙ ጠይቃችሁኛል። ርዕሱ «ፀሐይ እየመጣች ነው» ማለት ነው፤ የጻፈው የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጆርጅ ሃሪሰን ነው። ዘፈኑ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው «አቢ ሮድ» አልበም ሁለተኛ ገጽ መክፈቻ ነው። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮርዶቹን በትክክል ይዤም እንደ ቅጂው አይፈካልኝም።

መልስ፦ ካፖ ነው የጎደለህ፣ የጊታሩን ክሮች ሁሉ አንድ ላይ የሚጫነው መቆንጠጫ። ሰባተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ እሰረውና የዲ ኮርድን ቅርጽ ያዝ፤ የሚሰማው ኤ ሜጀር ይሆናል። ክሩ ስለሚያጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ይፈካል። ዜማውን ከቀጫጭኖቹ ክሮች ለይተህ አውጣው፣ ኮርዱን ሳትለቅ።

ጥያቄ፦ ሃሪሰን ደስ ብሎት ነው የጻፈው?

መልስ፦ በስብሰባና በገንዘብ ጭቅጭቅ ተሰላችቶ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባውን ትቶ ጓደኛው ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ክላፕተን ቤት ሄደ፤ ግቢው ውስጥ ጊታር ይዞ ሲዘዋወር ዘፈኑ መጣለት። የእንግሊዝ ረጅም ብርድ ገና ማለፉ ነበር። ሐምሌና ነሐሴን ጣና ዳር ላሳለፈ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ሌላው የባንዱ አባል ጆን ሌነንስ፣ ቅጂው ላይ አለ?

መልስ፦ የለበትም። የመኪና አደጋ ደርሶበት እያገገመ ነበር።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ ሳጨበጭብ ከምት እወጣለሁ።

መልስ፦ ሁሉም እዚያ ይሳሳታል፣ አይዞሽ። አራት አራት ሲሄድ የነበረው ምት ድንገት ሦስት ሦስት ይሆናል፤ ከዚያ ወደ አራት ይመለሳል። ሃሪሰን ይህን ከህንድ ሙዚቃ ነው ያመጣው። በካፖው ላይ የሚያዘው የኮርድ ቅርጽ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ እያለ ይዞራል። ሙግ ሲንተሳይዘር የተባለው የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድም በየዙሩ እያየለ ይመጣል። ስለዚህ ዘፈኑ ወደ ቤቱ፣ ወደ መነሻ ኮርዱ፣ ሲመለስ ልብ ቀለል ይላል። ለእኔ ተስፋው ከግጥሙ ይልቅ እዚህ ነው ያለው። ችክችካ የለመደ እጅ ሦስትን አይፈራም፤ እግርሽን አቁሚና በአፍሽ ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ በክራር ይሆናል?

መልስ፦ በጣም ያምራል! ከኤ ተነስታችሁ ትዝታ ሜጀር ቃኙት። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ታገኛላችሁ። ዲ እና ጂ ሻርፕ ስለሌሉ ለጊታሩ ተዉለት። የመሃሉ ዙር ላይ ክራሩ ይረፍ፤ እዚያ የኤፍ ቅርጹ በካፖው ምክንያት ሲ ሆኖ ስለሚሰማ ሲ ናቹራል (ሻርፕ ያልሆነው ሲ) ይመጣል፣ ከክራሩ ሲ ሻርፕ ጋር ይጣላል።

ጥያቄ፦ ማሲንቆስ?

መልስ፦ የቢትልሶቹ ፕሮዲዩሰር ጆርጅ ማርቲን ያቀናበራቸው ቫዮላና ቼሎዎች ቦታ ላይ ይግባ። ፍሬት ስለሌለው ሁሉንም ኖታ ያወጣል። ረጅም ረጅም ይጎትት፣ ጌጥ አያብዛ።

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ ሐይቁ ዳር ልንጫወተው ነው። ከበሮውን መቼ እናስገባ?

መልስ፦ ጊታሩ ብቻውን ይጀምር፤ ከበሮው ቸኩሎ አይግባ። ማይኩን ስፖንጅ አልብሱት፣ የጣና ነፋስ ሌላ ምንም አያሰማችሁም።